በካርቲየ 4 የተዘራ ገብስ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ፣ ከበሩ በላይ ካለው ኤሲ የሚንጠባጠበው ውሃ ደረቅ አቧራ ላይ ወርዶ ያንን ሽታ አወጣው። የረጠበ አፈር ሽታ። አንቺ ገና መምጣትሽ ነውና አታውቂም፤ ይቺ ከተማ እንዲህ አትሸትም። ባሕርና ናፍጣ ነው የምትሸተው፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ጫት። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ጠብታው አጠገብ ተገትሬ ቀረሁ። ዘበኛው «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። «እናቴ» ብለው ያበድኩ ይመስለው የለ! «ምንም» ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ።

እንግዲህ ካነሳሁት ልጨርሰው፤ ሻይሽን ጠጪ። ያኔ ዕድሜዬ አሥራ ሦስት ቢሆን ነው። ቤታችን እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ግድግዳው ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ነበር፤ ከፊቱ መዳፍ የምታክል ግቢ አለችው። አባቴ እዚሁ የተወለደ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ አባቱም የባቡር ሠራተኛ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ባቡሩ እያቃሰተ አልፎ አልፎ ቢመጣ ነው፤ ደሞዙም እንደ ባቡሩ ነበር። እናቴ ደግሞ የደጋ ሰው ናት። ለዘመድ ሠርግ ድሬዳዋ ወርዳ ከአባቴ ጋር ተያዩና «ባሕር አሳይሻለሁ» ብሎ አታልሎ አመጣት። «አየሁት እኮ፤ አሁን መልሰኝ» ትለው ነበር ስትቀልድ። በኋላ በኋላ ቀልዱ ቀረና «መልሰኝ» ብቻ ሆነ።

ከእኔ በታች ሁለት ልጆች ነበሩ። አንደኛው ሰባት ዓመት የሆነው ወንድሜ ነው፤ ኩታራው ነበር የምንለው፤ አፉ አያርፍም። ከሱ ቀጥላ ትንሿ አለች፤ አምስት ዓመቷ። እሷ ደግሞ አፍ ያላት አትመስልም። የሆነ ነገር ብትጠይቂያት ፊትሽን አይታ አይታ፣ ትታኛለች ስትዪ ነው የምትመልስልሽ።

እናቴ አገሯ ላይ መሬት ነበራት። አባቷ ሲሞት ለእሷና ለታላቅ ወንድሟ የተወው ነው፤ እሷ ባል ተከትላ ስትሄድ ወንድሟ የሷንም ድርሻ አብሮ ያርሰው ነበር። በአባታቸው ተዝካር ላይ፣ በሰው ፊት፣ «እህቴ በመጣች ቀን ድርሻዋ ድርሻዋ ነው» ብሏል። ይቺን ቃል ስንት ጊዜ ነገረችን መሰለሽ! ድስት ስትፈትግ ትነግረናለች፣ ስታበጥረኝ ትነግረኛለች። አባቴም ባቡሩ ከእንግዲህ እንደማይድን ሲገባው እጁን ሰጠ። «ወንድምሽ ኑ ካለ እንሄዳለን» አላት። «እኔም ማረስ እማራለሁ። ምን አለበት፣ ከባቡር አይከብድ።» ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። ስትሠራ ታንጎራጉራለች፤ ከዚያ በፊት ሰምቼ የማላውቀው ድምፅ ነበራት።

መልእክቱን የላከችው በአገሯ ልጅ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከባድ መኪና የሚነዳ፣ ሲመጣ እኛ ጋ ምሳ የሚበላ ሹፌር። «ወንድምጋሼን፣ ከድርሻዬ ላይ ዘር ላክልኝ ብላለች በልልኝ» አለችው። «ጥሬ ገብስ፣ ባቄላም ካለ። ልጆቹን አስተምርበታለሁ። ለመስከረም እንመጣለን በለው።»

«ዘር ምን ያደርግልዎታል እትዬ? እዚህ አሸዋ ላይ?» አላት ሹፌሩ።

«አንተ ብቻ ንገርልኝ። ዘር ከላከልኝ መሬቴን አልካደኝም ማለት ነው።»

እነሱ አገር እንደዚያ ነው። ለእንግዳ ያለውን ሁሉ ያቀርባሉ፣ ለሚሄድ ሰው ስንቅ ይቋጥራሉ፤ ዘር ግን የሚሰጠው መሬት ላለው ሰው ነው። አባቴ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ፈገግ አለ። «ሳቅ አንተ» አለችው፤ «ዘር ከልጓም ይስባል። ወንድሜ ነው!»

ከዚያ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ሰኔ ገባ። እዚህ ሰኔ ምን ማለት እንደሆነ ገና ታይዋለሽ። አቅም ያለው ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው ይሸሻል፤ አቅም የሌለው ሲሚንቶ ላይ ውሃ ደፍቶ ይተኛል። መብራት ይጠፋል። እናቴ ግን ሰኔ ሲባል ዓይኗ ይበራል። ዘሩ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱን ልጆች ቤት ውስጥ ልታስተምራቸው ተነሳች፤ «አገር ሲገቡ እንዳያፍሩ» ብላ። እውነቷን ነው። ኩታራው ስለ በሬ ስትነግረው «ናፍጣውን በየት በኩል ነው የሚሞሉት?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ነው። አባቴ ስቆ ስቆ ትን አለው። እሷ አልሳቀችም። «ወይ ጉዴ! እነዚህን ልጆች የት ነው የወለድኳቸው?» አለች።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ስለ ዘር ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ተምሬ ነበርና ልረዳት ብዬ ጀመርኩላት። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና «በፈረንሳይኛ የበቀለ ባቄላ አይቼ አላውቅም። አንቺ ውሃ አቀብይኝ» አለችኝ። ተቀየምኳት። ቢሆንም አቀበልኳት።

መጀመሪያ ያስተማረቻቸው በገላቸው ነው። ሁለቱንም ምንጣፍ ላይ ታስቀምጥና «አሁን ዘር ናችሁ። ጉልበታችሁን እቀፉ። ዓይን የለም፣ እጅ የለም፣ አፍ የለም» ትላለች። አፍ የለም ስትል ኩታራውን ታየዋለች። ከዚያ ነጠላዋን ትጥልባቸዋለች፤ አፈሩ እሱ ነው። ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ትረጭባቸዋለች። «ምን ይቀድማል?» ስትል ኩታራው ከውስጥ «ቅጠል!» ብሎ ብድግ ይላል።

«ቁጭ በል! ሥር ሳትሰድ ወዴት ነው? ነፋስ ይወስድሃል! መጀመሪያ ወደ ታች ነው።»

ቀስ ብለው እግራቸውን ይዘረጋሉ፤ ሥር ነው። ከዚያ ወገብ፣ ከዚያ አንገት እንደተደፋ ብቅ ይላል፣ በመጨረሻ እጅ ወደ ላይ። ኩታራው ሁልጊዜ ቀድሞ በቅሎ፣ አፍርቶ፣ ታጭዶ ያልቃል። ትንሿ ግን አትነሳም። ነጠላው ሥር ጭጭ ብላ ትቆያለች። እናቴ ጎንበስ ብላ «የኔስ ዘር? አልበቀልሽም እንዴ?» ስትላት፣ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ «ገና ነኝ» ትላለች። በዚያ ሙቀት፣ ነጠላ ሥር፣ ላቧ እየተንቆረቆረ!

ከዚያ አፈር ያስፈልጋል ተባለ። ግቢያችን አሸዋና የዛጎል ስባሪ ነው። አባቴና እኔ አምቡሊ ድረስ ሄደን፣ ደረቁ ወንዝ ዳር ካሉት የአትክልት ቦታዎች ከአንድ የመናዊ ሽማግሌ ግማሽ ጆንያ አፈር ለመንን። ሽማግሌው ምን እንደምንዘራ በዐረብኛ ጠየቀ፤ አባቴ ነገረው። ሳቀና አካፋውን አስደግፎ «አሁን? አሁንማ እኔ ራሴ ጥላ ፍለጋ ነው የምውለው። ብርድ ሲገባ ዝሩ» አለ። ብርድ የሚሉት እነ ኅዳርን ነው። ይህን ለእናቴ ስንነግራት ተቆጣች።

«በኅዳርማ አጨዳ ነው! ሰው ሰኔን ትቶ በአጨዳ ይዘራል?»

በቃ። እሷ የምታውቀው ሰማዩ ጠቁሮ መሬቱ የሚርስበትን ሰኔ ነው፤ እሱን ይዛ ነው ባቡር የተሳፈረችው። የእኛ ሰኔ ሌላ ነው ብትዪያት አትሰማሽም። አባቴ ጆንያውን እያወረደ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ ቀስ ብሎ፤ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ።

ሦስት የወተት ቆርቆሮ አፈር ሞላች። አንዱ ላይ ጥሬ ባቄላ፣ አንዱ ላይ የተከካ፣ አንዱ ላይ የተቆላ አስቀበረቻቸው። ውሃው ችግር ነበር። የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ ድስት ውስጥ ቢደርቅ ነጭ ዱቄት ትቶ ነው የሚሄደው። ጣፋጭ ውሃ የምናገኘው የአባቴ የሥራ ጓደኞች በባቡር ከላይ በጄሪካን ሲያመጡለት ነው፤ እሷን ለመጠጥ ብቻ ነበር የምንቆጥባት። እናቴ ከሷ ላይ ለቆርቆሮዎቹ ትቀዳ ጀመር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ትላለች፣ እኛ ጨው ጨው የሚለውን እየጠጣን።

አንድ ቀን ጠዋት ኩታራው ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ጥሬው ባቄላ አፈሩን ሰንጥቆ ብቅ ብሏል። «አንገቱን ደፍቶ ነው የወጣው! ተቆጥቶ ነው እንዴ?» እያለ ይዞራል። ትንሿ ቆርቆሮው ፊት ተንበርክካ አትነካውም፣ አትናገርም፤ ብቻ ትተነፍስበታለች። እናቴን ያን ጊዜ ብታዪያት! እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ልክ እሷ እንደወለደችው። ከዚያ ሌሎቹን ሁለቱን ቆርቆሮዎች ቆፈረቻቸው። የተከካው በስብሷል፤ የተቆላው አብጦ ሻግቷል።

«አያችሁ? የተከካ ልቡ ተከፍሏል። የተቆላ እሳት አይቷል። እሳት ያየ አይበቅልም፤ ብታጠጡት፣ ብትለምኑት አይበቅልም። አፍንጫችሁን አስጠጉት። ጥሬ ዝም ነው፤ የተቆላ ይሸታል።»

ከዚያን ቀን ወዲያ ጨዋታቸው ይኸው ሆነ። ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸው ላይ የተቀመጠላቸውን እያሸተቱ «ጥሬ!»፣ «የተቆላ!» ይባባላሉ። ጥቂት ቆይተው እናቴም ልታታልላቸው አልቻለችም።

ባቄላው ቅጠል አውጥቶ ትንሽ እንደሰነበተ ካምሲን መጣ፤ ያ ከበረሃ የሚነሳው ትኩስ ነፋስ። እናቴ ቆርቆሮውን ግቢው መካከል፣ ፀሐይ ላይ ነበር ያስቀመጠችው። «ፀሐይ ያላየ ቡቃያ ይገረጣል» ብላ። ሶማሌዋ ጎረቤታችን፣ ድሬዳዋ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የሚበልጥ ሴት፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «አንቺ ሴትዮ፣ በጤናሽ ነው? እኛ እዚህ ሰውን ጥላ ሥር እንደብቃለን፤ አንቺ ቅጠል ታሰጫለሽ? አስገቢው! ኅዳር ላይ ትዘሪያለሽ» አለቻት። እናቴ ሳቀችባት። ለምሳ እስክንቀመጥ ድረስ ባቄላው በቆመበት ደርቆ አለቀ፤ ቅጠሉን ስነካው እጄ ላይ ተፈረፈረ።

ኩታራው አለቀሰ። እናቴ ግንዱን ነቅላ ጣለችና «የሱቅ ባቄላ ነው፤ የሱቅ እህል ምን ዘር ይሆናል? የወንድምጋሼ ሲመጣ ታያላችሁ» አለች። እኔም አመንኳት፤ ምን ላድርግ? ሰውየውን አይቼው አላውቅም፤ መሬቱንም አላየሁት። ግን እናቴ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት ስለማላውቅ ነገሩ ውሸት ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ አስፈራኝ። እግዚአብሔርን «ዘር ብቻ ላክልን» ብዬ ለምኜዋለሁ፤ ሌላ ልጅ አሻንጉሊት ሲለምን።

ሐምሌም እንዲሁ በመሰናዳት አለፈ። ቁምሳጥኑን ለሶማሌዋ ጎረቤታችን ሰጠቻት። ሳህንና ድስቱን በጨርቅ ጠቅልላ ሳንዱቅ ውስጥ ከተተችው፤ እኛ በሁለት ሳህን እየተሻማን እንበላ ነበር። አባቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ። መልሱ ይምጣ መጀመሪያ» ቢላት «አንተ ሟርተኛ» ነው መልሷ። ልጆቹን አጎታቸው ፊት እንዴት እንደሚቀርቡ ታለማምዳቸው ነበር። አባቴ አጎታችንን ሆኖ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እነሱ ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ይስማሉ። ኩታራው አንዴ ጉልበቱን ነክሶት ወንበሩ ተገለበጠ። ቤታችን ውስጥ እንደዚያ የተሳቀበት ቀን ከዚያ በኋላ ትዝ አይለኝም።

ሹፌሩ የመጣው በነሐሴ መጨረሻ ነው። መኪናውን የከባድ መኪኖች ማቆሚያው ፒኬ 12 ላይ አቁሞ፣ ጆንያ በትከሻው ተሸክሞ፣ ጫት ገብቶ ሰው ሁሉ በሚራወጥበት ሰዓት በራችን ላይ ቆመ። እናቴ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰችም። ጆንያውን ምንጣፉ ላይ ዘረገፈችው። ስልቻው ብዛቱ! በሶ አለ፣ ሽሮ አለ፣ የአተር ክክ አለ። ከሁሉም ትልቁን ስልቻ ስትፈታው ገብስ ነው፤ ሙሉ ፍሬ፣ የሚያምር። እናቴ እልል አለች። ሶማሌዋ ጎረቤታችን ሳይገባት ከአጥሩ ማዶ እልል ብላ መለሰችላት።

ኩታራው ጎበዝ ተማሪ አይደል? ጭንቅላቱን ስልቻው ውስጥ አስገባ። ሲያወጣው አፉ ተከፍቷል።

«እማዬ፣ ይሸታል እኮ።»

«ምን ይሸታል?»

«ተቆልቷል።»

«ዝም በል አንተ!» አለችው። ከዚያ እፍኝ ዘግና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ለስለስ ተደርጎ ነበር የተቆላው፤ ነቀዝ እንዳይበላው ያህል ብቻ፤ በዓይን አይለይም። እንደገና ዘግና አሸተተች። ስልቻዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰች፣ ጆንያውን ገልብጣ አራገፈችው። ጥቂት አቧራ ነው የወጣው።

ሹፌሩ ጫማውን እያየ «ሴቶቹ ሲቆሉ ሲፈጩ ነው የሰነበቱት። ልጆቹ በደንብ ይብሉ ብለዋል ጋሼ» አለ።

«ዘር አላልክልኝም?»

«ብያለሁ እትዬ። ደጋግሜ ነው ያልኳቸው።»

«ምን አለ?»

ሹፌሩ ወደ አባቴ አየ። አባቴ «ንገራት» አለው።

«‹እሷ የከተማ ሰው ናት፤ ዘር ምን ይሠራላታል? ስንቅ ውሰድላት› ነው ያሉት። መሬቱን… ትልቁን ልጃቸውን ሲድሩ ቆርሰው ሰጥተውታል። የተረፈውን ታናሽየው ይዞታል። ጎጆም ሠርቶበታል።»

«ስንቅ ላከልኝ» አለች እናቴ። ለማንም አልነበረም። አልጮኸችም፣ ፊቷን አልነጨችም። አባቴ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ፤ «ወንድምሽ ነው፤ ምናልባት ቸግሮት…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። እኔ አጎቴን አንቱ ማለት የተውኩት ያን ቀን ነው። ቢክደን እንኳ ባዶ እጁን ቢክደን ምን ነበረበት! ያን ሁሉ እህል ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ አሳምሮ! ሰው እንዴት በደግነት በሩን ይዘጋል?

እሷ ግን ተነስታ ለሹፌሩ ምሳ አቀረበች። ሲወጣም ጆንያውን ባዶውን አልመለሰችውም። ለዓመት በዓል ያስቀመጠችውን ቴምርና ሩዝ ከተተችበት፤ ለወንድሟ ሚስት ደግሞ ያልተለበሰ ሽርጧን ጨመረች። «እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ልጆቹ ወደውታል በልልኝ» አለችው። ሹፌሩ ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ።

በማግስቱ አልተነሳችም። በማግስቱም። ፊቷን ወደ ጣውላው ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ፀጉሯን አታበጥርም፤ ስናናግራት «እህ» ነው። አባቴ ሐኪም እንጥራ ቢላት «ምኔን ሊያይ?» አለችው። ሳንዱቁን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ሳህኖቹን አውጥቼ መልሼ ደረደርኳቸው። ምግብም እኔ ነበርኩ የማበስለው፤ ያንኑ ሽሮ፣ ያንኑ ክክ። ሲጥም ደግሞ! ስበላው እናደድ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ትንሿ ከስልቻው ገብስ በእፍኟ ዘግና፣ ባቄላው የደረቀበት ቆርቆሮ ውስጥ ቀበረችው። ኩታራው «አንቺ፣ እሳት ያየ እኮ…» ብሎ ሲጀምር አፉን ያዝኩት። እሷ ኩባያ አንስታ ወደ አልጋው ሄደችና የእናቴን ቀሚስ ሳብ አደረገች።

«እማዬ፣ ነይ ውሃ እናጠጣ።»

እናቴ ዘወር ብላ አየቻት። ልጅቷ ኩባያውን እንደያዘች ቆማ ጠበቀች። እናቴ ተነሳች። ከጄሪካኑ ጣፋጭ ውሃ ቀዳች፣ ግቢ ወጡ፣ ቆርቆሮው ፊት ቁጢጥ አሉ። «በቀለ?» አለች እናቴ፣ ድምፅዋ ሻክሮ። «ገና ነው፤ ሥር እየሰደደ ነው» አለች ትንሿ። «እሺ» አለች እናቴ። ተመልሳ ተኛች። በማግስቱ ጠዋትም እንዲሁ። ትምህርት ቤት ተከፍቶ እኔና ኩታራው ስንሄድ ቆርቆሮው ፊት ትተናቸው እንወጣ ነበር፤ አንዲት ትልቅ ሴትና አንዲት ሕፃን፣ የተቆላ ገብስ ሲያጠጡ። መንገድ ላይ ኩታራው «እማዬ ረስታው ነው ወይስ አብዳ?» አለኝ። «ልጅቷን ላለማሳዘን ነው» አልኩት። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ለነገሩ እናቴ ቆይታ ተነስታለች። ባቡሩ ጭራሹን ሲቆም አባቴ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ፤ እሷ ፒኬ 12 ለሹፌሮች ሻይ ታፈላ ነበር። ከላይ የመጣውን ሁሉ «ዘነበ ወይ?» ትላለች፤ ስለ ወንድሟ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችም። አገሯን ሳታይ እዚሁ ሞተች፤ የቀበርናትም እዚሁ ነው። ኩታራው ዛሬ ከባድ መኪና ይነዳል። በአጎታችን አገር በኩል አልፎ ያውቃል፤ አቁሞ ግን አያውቅም። እናቴ ሻይ ስታፈላ የሚያውቋት ሰዎች ጠንካራ ሴት ነበረች ይሉኛል። እኔ የማውቃት እናቴ ግን ያች፣ ልጆቿን ነጠላ ሥር የምታበቅለዋ፣ ተመልሳ አልመጣችም። የሄደችው ገብሱ ከመጣ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ነው።

ኅዳር ሲገባ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ሶማሌዋ ጎረቤታችን በወረቀት የተጠቀለለ የቲማቲም ዘር ይዛ መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አሁን ነው ጊዜው» አለቻት። «ተነሺ እህቴ፣ አብረን እንዝራ። ጥላውን እኔ እሠራልሻለሁ።» እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ አየችውና መልሳ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ለማን ብዬ» አለች።

ጎረቤታችን ከወጣች በኋላ ትንሿ ኩባያዋን ይዛ መጣች። ግቢ ወጡ። እኔ በሩ ላይ ልብስ አጥብ ነበር፤ ከሁለት ክንድ አይርቁም። እናቴ ኩባያውን ያዘች፤ አላፈሰሰችም። ቆርቆሮውን ብዙ ጊዜ አየችው።

«ልጄ፣ ይሄ አይበቅልም» አለች። «እሳት አይቷል።»

ትንሿ ፊቷን አይታ አይታ «አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«ያኔም ሸቶኛል።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ የምታጠጪው?»

«ስናጠጣው ትነሻለሽ።»

እጄ ሳሙና ውስጥ እንዳለ ቀረ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ከዚያ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ኩባያውን ከንፈሯ ላይ አደረገችላት። «ጠጪው» አለቻት። «ጠጪው የኔ ልጅ፤ ከእንግዲህ ለሱ አናጠጣም።» ትንሿ በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

በማግስቱ ጠዋት ኩባያ ይዛ አልሄደችም። አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ዋለች። እናቴም ፊቷን ከግድግዳው አላዞረችም።